ለንደን ማን አለህ?

አጎቴ ሁለት ጊዜ ነው የጠየቁኝ። መጀመሪያ መስመሩ የተቆራረጠ መስሏቸው፣ ቀጥሎ ግን በደንብ ከሰሙኝ በኋላ።

«ለንደን ማን አለህ?»

«ማንም የለኝም ጋሼ።»

«ታዲያ ምን ልትሠራ ነው?»

«ምንም።»

ትንሽ ዝም አሉ። ከበስተጀርባ የቴሌቪዥን ድምፅ ይሰማኛል። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «አሞህ እንደሆነ አትደብቀኝ። ለሕክምና ከሆነ ንገረኝ፤ ለእናትህ አልናገርም» አሉኝ።

የዚያን ቀን ሳቅኩና ወሬ ቀየርኩ። ውሎ ሲያድር ግን ሳቁ ጠፋ። ምክንያቱም ጥያቄው የጋሼ ብቻ አልነበረም። ቡና ላይ ያገኘኋቸው የአገር ልጆች ጠየቁኝ፤ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ጠየቁኝ፤ እዚሁ ያደገች የአክስቴ ልጅ እንኳን፣ ከእኔ ይልቅ እንግሊዝኛ የሚቀናት፣ «ሰው አላችሁ እንዴ እዚያ?» አለችኝ። ለሁሉም አንድ በአንድ መመለስ ስለሰለቸኝ እዚህ እመልሳለሁ።

እቅዱ ይሄው ነው። ሐሙስ ጃንዋሪ 15 ከሥራ ወጥተን ማታ ከደለስ እንነሣለን፣ አርብ ጠዋት ለንደን እንገባለን። አርብ፣ ቅዳሜ፣ እሑድና ሰኞን እዚያ ውለን ማክሰኞ እንመለሳለን። ሰኞ የማርቲን ሉተር ኪንግ ቀን ስለሆነ መሥሪያ ቤት ዝግ ነው፤ ስለዚህ ከዓመት ፈቃዳችን የሚቀነሰው ሁለት ቀን ብቻ ነው። ለእያንዳንዳችን አንዳንድ የጀርባ ቦርሳ። የምናደርሰው ዕቃ የለም፣ የምንጠይቀው በሽተኛ የለም፣ የምናየው ዕቃ መጋዘን የለም። ከሒትሮው በፒካዲሊ መስመር ባቡር ቀስ ብለን እንገባለን፤ አንድ ሰዓት ገደማ ይፈጃል፣ ግን ርካሹ እሱ ነው። የባንክ ካርዳችንን በሩ ላይ እየነካን እንሄዳለን፤ በቀን ከተወሰነ ብር በላይ አይቆርጥም። ይሄን ሁሉ የማውቀው ሄጄ ሳይሆን ለሁለት ወር ማታ ማታ እያነበብኩ ነው። ማንበቡ ራሱ ግማሽ ዕረፍት ሆኖልኛል።

ዘንድሮ ታዲያ ያ ሰኞ ጥር 11 ቀን ላይ ነው የዋለው። ጥምቀት። ጋሼን ከሁሉ በላይ ያበሳጫቸው ይሄ ነው። «ሰው ጃንሜዳን ትቶ ጨለማ አገር ይሄዳል?» አሉ። ይሄኛው ጥያቄ እውነት ያለበት ስለሆነ አልሳቅኩበትም።

አሜሪካ ከገባሁ 14 ዓመቴ ነው። አንድ ማታ ቁጭ ብዬ የወሰድኳቸውን የዕረፍት ቀናት ቆጠርኩ። አገር ቤት አምስት ጊዜ ሄጃለሁ፤ ሁለቴ ለለቅሶ፣ አንዴ ለእህቴ ሰርግ፣ አንዴ ለእናቴ የዓይን ሕክምና፣ አንዴ ደግሞ ለቤት ካርታ። የካርታውን ታሪክ ብጀምረው ጽሑፉ አያልቅም፤ ሦስት ሳምንት ሙሉ ያየሁት አዲስ አበባ የአንድ መሥሪያ ቤት ኮሪደር ነው። ከዚያ ውጪ ዳላስ ክርስትና፣ ሚኒያፖሊስ ሰርግ፣ ሲያትል ለቅሶ።

ሲያትልን ሰው ሲያነሣ ደርሼበታለሁ እላለሁ። እውነቱን ለመናገር ሲያትል ሄጄ ያየሁት አንድ ሳሎን ነው። ሶፋዎቹ ወጥተው ታጣፊ ወንበር በግድግዳው ዙሪያ ተደርድሯል፤ ጥግ ላይ የታሸገ ውሃ በካርቶን ተቆልሏል፤ ወጥ በአሉሚኒየም ትሪ ይመጣል፣ ትሪው ባዶ ሆኖ ይሄዳል፣ ሌላ ይመጣል። ሦስት ቀን እዚያ ተቀመጥኩ። መቀመጥ ነበረብኝ፤ ዛሬም ቢሆን እቀመጣለሁ። ግን ባሕሩ በመኪና አሥር ደቂቃ እንደሚርቅ ያወቅኩት ወደ ኤርፖርት ስንመለስ ነው። የሟች ወንድም እየነዳ፣ «ያ ነው ባሕሩ» አለኝና በጣቱ አሳየኝ። ዞር ብዬ ሳይ የጭነት መኪና ጋረደኝ።

ከነዚህ ጉዞዎች አንዱንም አልጸጸትበትም። ጸቤ ከጉዞዎቹ ጋር አይደለም፤ ሌላ ዓይነት ጉዞ የለም ከሚለው ሐሳብ ጋር ነው። እኛ ዘንድ ሰው የሚንቀሳቀሰው ተጠርቶ ወይም ተልኮ ነው። ለንግድ፣ ለሕክምና፣ ለሰርግ፣ ለለቅሶ፣ ለንግሥ፣ ለጸበል። ያልተጠራና ያልተላከ ሰው ሲነሣ ወይ አብዷል፣ ወይ የሚደብቀው ነገር አለ፣ ወይ ገንዘብ ተርፎታል። ሦስተኛው ከሁሉም ይከፋል፤ ገንዘብ የተረፈው ሰው ስልኩ አያርፍም።

ጥያቄው ከየት እንደመጣ አውቃለሁ። በእግርና በበቅሎ በሚኬድበት ዘመን ዘመድ ማለት ማደሪያው ነው፣ ስንቁ ነው፣ ዋሱም ነው። «እዚያ ማን አለህ?» ማለት «የት ታድራለህ? ብትታመም ማን ይደርስልሃል?» ማለት ነበር። የፍቅር ጥያቄ ነበር። ግን ያው ባህል ማንም ለሌለው መንገደኛም ስም ነበረው። በር ላይ ቆሞ «የመሸብኝ የእግዚአብሔር እንግዳ ነኝ» የሚል ሰው ይገባ ነበር፤ እግሩ ይታጠብ ነበር፤ ማን እንዳለው ሳይሆን ከየት እንደመጣ ነበር የሚጠየቀው። የዘመዱን ጥያቄ ይዘን የእንግዳውን ስም ጣልነው። ዛሬ ሆቴል በስልክ በሚያዝበት ዘመን «ማን አለህ?» የሚለው ማደሪያ ፍለጋ አይደለም። ፈቃድ ጠይቅ ነው።

ሻንጣውም የዚሁ ነገር አካል ነው። አገር ቤት ስሄድ የሚፈቀዱልኝ ሁለት ባለ 23 ኪሎ ሻንጣዎች የእኔ ሆነው አያውቁም። ቫይታሚን፣ የሕፃን ወተት፣ ጫማ፣ ስልክ፣ የማላውቃት ሴትዮ ለማላውቀው ልጇ የላከችው ጃኬት። የራሴ ልብስ ከላይ በተረፈው ክፍተት ይጠቀጠቃል። ለንደን የምሄደው በአንድ ቦርሳ ነው ስል አንድ ወዳጄ ደንግጦ፣ «ባዶ እጅህን?» አለኝ። ባዶ እጄን። እጄ ለመጀመሪያ ጊዜ የራሴ ሆኖ።

በሌላ በኩል ደግሞ ለመዝናናት ተጓዙ የሚሉንም አሉ፤ እነሱንም ዝም ብዬ አላልፋቸውም። የሥራ ባልደረባዬ ለንደንን አራት ቀን አይታ ስትመለስ የሠራችውን ሠንጠረዥ ላከችልኝ። በየግማሽ ሰዓቱ የተከፋፈለ ነው፤ ድልድይ፣ ማማ፣ ቤተ መንግሥት፣ ሻይ፣ ገበያ። የት እንደተቀመጠች ፈለግሁ። አልተቀመጠችም። ያ ፈረቃ እንጂ ዕረፍት አይደለም። የእኛዎቹ ቲክቶከሮች ደግሞ አንድ ቀይ የስልክ ኪዮስክ ውስጥ ገብተው ሦስት ልብስ ይቀይራሉ። እነሱም ተልከው ነው የሄዱት፤ የላኳቸው ተመልካቾቻቸው ናቸው።

«ለምን በጋ አይሆንም?» የሚለው ቀላል ነው። (በነገራችን ላይ «የክረምት ዕረፍት» ስል አገር ቤት ያለው ሰው ሐምሌና ነሐሴን፣ ጭቃና የተጠበሰ በቆሎ ነው የሚያስበው። እዚህ ያለነው «ዊንተር» እንላለን፤ ያ ብርድ በአማርኛ ክረምት መባሉ አንድም ቀን አሳምኖኝ አያውቅም።) በጃንዋሪ አጋማሽ ለንደን ውስጥ ፀሐይ በእኛ አቆጣጠር ጠዋት 2 ሰዓት ገደማ ወጥታ 10 ሰዓት ተኩል ሳይሞላ ትገባለች። ጨለማ ነው፣ ዝናብ ነው፤ በረዶ እንኳን ብዙም የለም። ለዚህም ነው ትኬቱ አገር ቤት ለገና ከምንከፍለው ግማሽ የማይሞላው። ከገና በፊት መሄድ ግን ሞኝነት ነው፤ ዲሴምበር 25 ቀን ለንደን ውስጥ የከተማ ባቡርም አውቶቡስም አይሠራም፣ ትልልቆቹ ሙዚየሞች ከ24 እስከ 26 ይዘጋሉ። ጃንዋሪ ላይ ሁሉም ክፍት ነው፣ ሰልፉ ቀንሷል፣ ብሪቲሽ ሙዚየምና ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም መግቢያቸው ነጻ ነው፤ አርብ አርብ የመጀመሪያው እስከ ማታ 2 ሰዓት ተኩል፣ ሁለተኛው እስከ 4 ሰዓት ያመሻሉ። 10 ሰዓት ተኩል ላይ የጨለመበት ከተማ ሰውን «ለምን ተቀመጥክ?» ብሎ አይጠይቅም። እኔ የምፈልገው እሱን ነው። ከባለቤቴ ጋር አንድ ሙቅ ቤት ውስጥ፣ ማንም የማያውቀን ቦታ፣ መስኮት አጠገብ ቁጭ ብዬ ዝናብ ማየት። ቨርጂኒያም ይዘንባል ትሉኛላችሁ። ቨርጂኒያ ግን ስልኩ ይጮሃል።

አሁን ወደሚያመው እንምጣ።

እኔ ሰማያዊውን ፓስፖርት ከያዝኩ ሦስት ዓመት ሆኖኛል። ለእኔ ለንደን ማለት በስልክ የሚሞላ የጉዞ ፈቃድ ነው። ፊቴን ፎቶ አነሣሁ፣ እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2025 ከ10 ወደ 16 ያደጉትን ፓውንዶች ከፈልኩ፣ ቡናዬ ሳይቀዘቅዝ መልሱ መጣ። ባለቤቴ ግሪን ካርድ ነው ያላት፤ ፓስፖርቷ የኢትዮጵያ ነው። ለእሷ ለንደን ማለት የቪዛ ክፍያ፣ አሻራ፣ የባንክ ስቴትመንት፣ የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ፣ ከዚያ ፓስፖርቷን አስረክባ ሳምንታት መጠበቅ ነው። ኪራዩን እኩል ነው የምንከፍለው። ነርስ ናት፤ ከእኔ የበለጠ ታገኛለች።

ቅጹን አብሬያት ሞላሁ። በወር ስንት ታወጫለሽ? በገንዘብ የምትረጃቸው ሰዎች አሉ? እንግሊዝ አገር ቤተሰብ አለሽ? የምትሄጂበት ዋና ምክንያት ምንድን ነው? ሦስተኛው ላይ ስንደርስ፣ «ይሄን ቅጽ ጋሼ ናቸው እንዴ ያዘጋጁት?» አልኳት። ሳቀች። ከዚያ ሁለታችንም ዝም አልን።

ምክንያቱም እውነት ነው። ጋሼ ለንደን ዘመድ ስለሌለን ይጠረጥሩናል። ቪዛ የሚሰጠው ሰው ዘመድ ካለን ይጠረጥረናል፤ ከሌለንም ይጠረጥረናል። አራት ቀን ሥራ ፍለጋ ነው? ልትጠፋ ነው? ማን ይቀበላታል? ሁለቱ በምንም ነገር አይገናኙም፤ አንደኛው ይወደናል፣ ሌላው አያውቀንም። አንድ ነገር ላይ ግን ይስማማሉ። አበሻ እንዲሁ ለማየት፣ እንዲሁ ለማረፍ፣ ማንም ሳይጠራው ባሕር ተሻግሮ ይመለሳል ብለው አያምኑም። የኤምባሲው ጥርጣሬ ሲገጥመን ዘረኝነት ነው እንላለን፤ ብዙ ጊዜም ልክ ነን። እዚያው ጥርጣሬ ውስጥ ራሳችንን ስናገኘው ግን ባህል እንለዋለን።

ቪዛ የሚያውቅ አንድ ሰው ምክር ሰጠን። «ዕረፍት ብቻ ብላችሁ አትጻፉ። ያስነቃል። ኮንፈረንስ ነገር ጨምሩበት፣ ወይ የታመመ ዘመድ።» ቸር ሰው ነው፤ ብዙዎችን አስወጥቷል። ባለቤቴ አዳመጠችው፣ አመሰገነችው፣ ማታ ቤት ገብታ ደብዳቤውን ጻፈችው። ስድስት መስመር ነው። 11 ዓመት የሌሊት ፈረቃ እንደሠራች፣ ከባለቤቷ ጋር አራት ቀን አርፋ ማክሰኞ እንደምትመለስ፣ ረቡዕ ማታ ሥራ እንደምትገባ። «ለማረፍ» የሚለውን ቃል አልቀየረችውም። ይሄን ጽሑፍ የምጽፈው ለዚያ ቃል ነው። ቢከለክሏት እንኳን የሚከለክሏት በእውነቷ ነው። እኛ ግን ሰበብ ጨምሩበት ስንላት፣ ገና ማንም ሳይከለክላት፣ የከለከልናት እኛ ነን።

ገንዘቡስ? አዎ፣ በዚህ ገንዘብ አገር ቤት ብዙ ይሠራል። በየወሩ እንልካለን፤ ይሄ ጉዞ የማንንም ወር አላጓደለም። ከዚህ በላይ ሒሳብ አላቀርብም። ለቪዛ ሰጪው አቅርቤያለሁ፤ ለቡና ጓደኛዬ አላቀርብም።

ከሁሉም የከበደኝ ክርክር ከአንድ የታሪክ ሰው ወዳጄ የመጣው ነው። «እሺ ሂዱ» አለኝ፤ «ግን ለንደን ሄዶ መቅደላን ሳያይ የተመለሰ አበሻ ምን ይባላል?» እ.ኤ.አ. በ1868 ከመቅደላ የተዘረፈው ምን የት እንዳለ በቃሉ ይነግራችኋል። በብሪቲሽ ላይብረሪ 350 ያህል የብራና መጻሕፍት። በቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም የወርቅ ዘውድ። በብሪቲሽ ሙዚየም 11 ታቦታት። ታቦታቱ ለሕዝብ ታይተው አያውቁም፤ ተሸፍነው ተቆልፎባቸዋል፣ የሙዚየሙ ሠራተኞች እንኳን አያዩዋቸውም። ስለዚህ እንድሄድና እንዳይ የታዘዝኩት የማይታይ ነገር ነው። ይሄንን ስነግረው፣ «ደጁ ላይ መቆምም አንድ ነገር ነው» አለ።

ታቦታቱ ይመለሱ። ዘውዱም፣ መጻሕፍቱም። ለዚህ የሚፈርም ወረቀት ካለ እፈርማለሁ፤ ፈርሜም አውቃለሁ። ግን ይሄም ያው ጥያቄ ነው፤ ልብሱን ቀይሮ መጣ እንጂ። ዘመድ ስጠኝ፣ ዘመድ ከሌለህ ታቦት ስጠኝ፣ ሐዘን ስጠኝ። አንድ እንግሊዛዊ አዲስ አበባ ሲመጣ ማንም በሩ ላይ አቁሞ «መጀመሪያ ናፒየር ያደረገውን አስብ» አይለውም፤ ሄዶ ቡናውን ይጠጣል። የዘረፈው በነጻነት ሲዝናና፣ የተዘረፈው ዕረፍት በወጣ ቁጥር ለቅሶ ይቀመጥ? ለቅሶ ለመድረስ የወሰድኩት ዕረፍት ይበቃኛል።

ይሄን ሁሉ ለወዳጄ በስልክ ተከራክሬ፣ አሸንፌ፣ ስልኩን ዘጋሁ።

የጉዞው ደብተር ኩሽና ጠረጴዛ ላይ ነው የሚቀመጠው። በሳምንቱ ባለቤቴ ከፈተችና ሰኞ በሚለው ገጽ ላይ የእኔን ጽሕፈት አገኘች። «ዊንዘር። ከዋተርሉ በባቡር አንድ ሰዓት ያህል። ግቢው ማክሰኞና ረቡዕ ዝግ። ቤተ ክርስቲያኑ እሑድ ለጎብኚ ዝግ። ስለዚህ ሰኞ።»

«ይሄ ምንድን ነው?» አለችኝ።

ዊንዘር ቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ልዑል ዓለማየሁ ተቀብሯል። አባቱ አፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ሲሞቱ ገና 7 ዓመት አልሞላውም ነበር። የእንግሊዝ ጦር ይዞት ሲሄድ እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ መንገድ ላይ ሞቱ። በ18 ዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. በ1879፣ ሊድስ ውስጥ ታሞ ሞተ። ንግሥት ቪክቶሪያ ዊንዘር እንዲቀበር አደረገች፤ ለመታሰቢያው በተተከለው ነሐስ ላይ ከማቴዎስ ወንጌል ስለ እንግዳ መቀበል የሚናገረው ቃል ተጽፏል። አፅሙ ይመለስ ተብሎ ሲጠየቅ ቤተ መንግሥቱ እ.ኤ.አ. በ2023 የሰጠው መልስ የሌሎች ሙታን ዕረፍት ይረበሻል የሚል ነበር።

«ጥምቀት ስለሆነ ነው» አልኳት። «በጥምቀት ቀን…»

«ጋሼ ሲጠይቁህ የምትለው ነገር እንዲኖርህ ነው» አለች።

አልመለስኩም። 14 ዓመት የተጠራቀመ ልማድ በሁለት ወር ንባብ አይለቅም፤ ለሁሉም ሰው የተከራከርኩትን ክርክር በገዛ እጄ ጽሕፈት ከድቼው ነበር። ጋሼ «ማን አለህ?» ሲሉኝ «ዓለማየሁ አለኝ» ብዬ አፋቸውን ላስይዝ። አንድ ልጅ፣ ለእረፍቴ ዋስ እንዲሆነኝ።

እስክሪብቶ አንሥታ ትሰርዘዋለች ብዬ ጠበቅኩ። አልሰረዘችውም። «እንሄዳለን» አለች። «እኔም ባየው ደስ ይለኛል፤ ማንም የሌለው ልጅ ነው። ጠዋት ሄደን ከሰዓት እንመለሳለን። ለጋሼ ግን እንዳትነግራቸው። ማን አለህ ካሉህ ማንም የለኝም በላቸው።»

ከሥሩ በራሷ ጽሕፈት «ከሰዓት፦ ምንም» ብላ ጨመረችበት።

ፓስፖርቷ ገና አልተመለሰም። ሆቴሉን እስከ ጃንዋሪ 13 ድረስ ያለ ቅጣት መሰረዝ ይቻላል።